ለመጨረሻው ልጅ የተረፈው ማንዶሊን

ስምንት ልጆች ባሉበት ቤት የመጨረሻ ሆኖ መወለድ ምን እንደሚመስል የመጨረሻ ልጆች ያውቁታል። ልብሱ ከታላቅ የወረደ ነው፤ አልጋው የጋራ ነው፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ተራው የሚደርሰው ሌላው ሁሉ የፈለገውን ከወሰደ በኋላ ነው። የዚህ ወር ወጋችን እንዲህ ባለ ቤት ስላደገ አንድ ልጅና በኋላ አብረውት ስለተጫወቱ ሰዎች ነው።

ልጁ ቢል ሞንሮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሮዚን በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ካደገ በኋላ ያቋቋመው ባንድ አምስት ሰዎች ይዞ፣ አንድም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳይጠቀም፣ ዛሬ በዓለም ላይ «ብሉግራስ» ተብሎ የሚታወቀውን ሙዚቃ ፈጠረ። የእነዚህን አምስት ሰዎች አስተዳደግ አንድ በአንድ ስንመለከት የምናገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አይደለም። የምናገኘው ሳሎን፣ በረንዳ፣ ፋብሪካና የሰፈር ድግስ ነው። ለልጆቻችን ፒያኖ ወይስ ጊታር እናስተምር እያልን ለምንጨነቅ ወላጆች ታሪኩ ብዙ የሚነግረን አለ።

መጀመሪያ ስለ ሙዚቃው ጥቂት

ብሉግራስ ቃል በቃል «ሰማያዊ ሣር» ማለት ነው። ኬንታኪ በዚህ ስም በሚጠራው ሣሯ ስለምትታወቅ «የብሉግራስ ግዛት» የሚል ቅጽል ስም አላት። ቢልም የትውልድ አገሩን ለማስታወስ ባንዱን «ብሉ ግራስ ቦይስ» አለው፤ ሙዚቃው ስሙን ያገኘው ከባንዱ ነው።

መሣሪያዎቹ አምስት ናቸው፦ ማንዶሊን፣ ባንጆ፣ ጊታር፣ ቫዮሊንና ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ። ከበሮ የለም። ምቱን የሚጠብቁት ቤዙ፣ ጊታሩና በየመሃሉ ቸክ ቸክ የሚለው ማንዶሊን ናቸው። እንደ ጃዝ ሁሉ አንዱ ተራ ይዞ ሲጫወት ሌሎቹ ዝቅ ብለው ያጅቡታል፤ ከዚያ እሱ ወደ ኋላ ይልና ሌላው ወደ ማይክሮፎኑ ይጠጋል። ዘፈኑ ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ግጥሙ ስለ ናፍቆት፣ ስለ እናት ቤት፣ ስለ ሞትና ስለ እምነት ነው።

መሣሪያዎቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስደት አላቸው። ባንጆ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰዱ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ ከሚሠሩት መሣሪያ የተወለደ ነው። የቫዮሊኑ ዜማ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ሰፋሪዎች ጋር ተሻገረ። ማንዶሊን የጣሊያን ነው። እኛም አገር ቢሆን እንግዳ አይደለም፤ የአየለ ማሞን ማንዶሊን የሰማ ሰው ያ ትንሽ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል።

ቢል፦ የተረፈውን የወሰደው

የሞንሮ ቤት የሙዚቃ ቤት ነበር። እናቱ ማሊሳ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ትጫወት፣ የቆዩ ዘፈኖችንም ታንጎራጉር ነበር። ልጆቹ መሣሪያ ሲከፋፈሉ ታላቆቹ ቀደሙ። በርች ቫዮሊኑን፣ ቻርሊ ጊታሩን ያዘ። ለቢል የተረፈው ማንም ያልጓጓለት ማንዶሊን ነበር። ያም ሳይበቃ፣ ድምፁ እንዳይረብሻቸው ብለው ከስምንቱ ክሮች አራቱን እንዲያወልቅ አደረጉት ይባላል።

ቢል አንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ የዞረ ስለነበር በደንብ አያይም ነበር። ሰው ሲመጣ የሚሸሽ ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ማየት የተሳነው ግን ጆሮው ተሳለ። እናቱ ስትሞትበት የ10 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱም እ.ኤ.አ. በ1928 ተከተላት። ታላላቆቹ ለሥራ ተበታትነው ስለነበር 16 ዓመት የሆነው ልጅ በኋላ በእናቱ ወንድም ቤት ተጠጋ።

ይህ አጎት ፔንድልተን ቫንዲቨር ይባላል፤ ቤተሰቡ «አጎት ፔን» ይለዋል። በአደጋ አካሉ የተጎዳ፣ እያነከሰ የሚሄድ፣ ቀን ቀን ጥቃቅን ዕቃ እየነገደ ማታ ማታ በየመንደሩ ጭፈራ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነበር። ወላጅ አልባውን ልጅ ከኋላው አስከትሎ ይሄድ ነበር። አጎት ፔን ዜማውን ሲመራ ቢል ያጅባል። ከዚህ አጎቱ ዜማና ምት ተማረ። ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 በስሙ ዘፈን ቀረጸለት፤ «አንክል ፔን» የሚለው ይህ ዘፈን ዛሬም የብሉግራስ ባንድ በተሰበሰበበት ሁሉ ይጠየቃል።

ሁለተኛው መምህሩ አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያው አካባቢ የሚኖር፣ ጊታርም ቫዮሊንም አሳምሮ የሚጫወት የብሉዝ ሰው ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ በማይቀመጡበት ዘመን ቢል ከእሱ ጋር በጭፈራ ቤት ተጫውቷል። በሙዚቃው ውስጥ ያለው የብሉዝ ቅላጼ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅም የሹልትዝን ስም ይጠራ ነበር። ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሞት በሸክላ የተቀረጸ አንድም ዘፈን አልነበረውም። የጣቱ ድምፅ አልቀረም፤ የቀረው ባስተማረው ልጅ ጣት ውስጥ ነው።

ቢል በጉርምስናው ወንድሞቹን ተከትሎ ወደ ኢንዲያና ግዛት ሄደና በነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የጉልበት ሥራ ሠራ። ከዚያ ከቻርሊ ጋር «ሞንሮ ብራዘርስ» ተብለው ዝና አገኙ። ሁለቱም ግን አንገታቸው የማይታጠፍ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1938 ተለያዩ። በዓመቱ ቢል የራሱን ባንድ ይዞ ናሽቪል ወደሚገኘው «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» የተባለ ታዋቂ የሬዲዮ መድረክ ገባ። የተረፈለትን ማንዶሊንም ከአጃቢነት አውጥቶ ባንድ የሚመራ መሣሪያ አደረገው።

ኧርል፦ ቆልፎ የተለማመደው

ባንዱን ሙሉ ያደረገው ሰው በ1945 መጨረሻ የመጣው የ21 ዓመቱ ኧርል ስክራግስ ነው። የተወለደው በሰሜን ካሮላይና ፍሊንት ሂል በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ነው። አባቱ ባንጆ ይጫወት ነበር፤ ኧርል ገና 4 ዓመቱ ሳለ ሞተ። እናቱ ሉላ ኦርጋን ትጫወት ነበር። ወንድሞቹም እህቶቹም መሣሪያ ይነካሉ። ልጁ የአባቱን ባንጆ መያዝ በማይችልበት ዕድሜ ጀምሮ ይጎትተው ነበር።

በ10 ዓመቱ ገደማ አንድ ቀን ከወንድሙ ጋር ይጣላና ክፍል ውስጥ ይገባል። አኩርፎ ባንጆውን ሲነካካ፣ ሳያስበው በሦስት ጣት እየተጫወተ መሆኑን ያስተውላል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት እየተፈራረቁ ድምፁን እንደ ምንጭ ውሃ ያወርዱታል። አገኘሁት እያለ እየጮኸ ወጣ። በሦስት ጣት መጫወት በአካባቢው ከእሱ በፊትም ነበር፤ ኧርል ግን አጥርቶና አፍጥኖ ሌላ ነገር አደረገው። ዛሬ ስልቱ በስሙ ይጠራል።

ከወንድሙ ከሆራስ ጋር የሚጫወቱት ጨዋታ ደግሞ ለወላጆች ይጠቅማልና እንንገራችሁ። ሁለቱ ልጆች መሣሪያቸውን ይዘው ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። አንድ ዘፈን እኩል ይጀምሩና በቤቱ ዙሪያ በተቃራኒ አቅጣጫ ይራመዳሉ። አንዱ ሌላውን በማይሰማበት ቦታም መጫወታቸውን አያቆሙም። ዞረው ሲገናኙ ምታቸው ሳይዛነፍ እኩል ከደረሱ አሸነፉ። መምህር የለ፣ ክፍያ የለ፣ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ የለ። ምቱን ጠብቆ የመጫወት ችሎታቸውን ያሳደጉት በዚህ ጨዋታ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኧርል በክር ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ባሏ የሞተባትን እናቱን የሚጦር እሱ ነበርና። ሙዚቀኛ ሆኖ ወደ ናሽቪል የሄደው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ሌስተር፦ ከፋብሪካ የመጣው ዘፋኝ

ጊታር ተጫዋቹና ዘፋኙ ሌስተር ፍላት እ.ኤ.አ. በ1914 በቴነሲ ግዛት ተወለደ። የእሱም አባት ባንጆና ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ሌስተር በወጣትነቱ አግብቶ ከባለቤቱ ከግላዲስ ጋር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሁለቱም ይዘፍኑ ስለነበር በኋላ አብረው በቻርሊ ሞንሮ ባንድ ውስጥ ሠሩ። አዎ፣ በቢል ወንድም ባንድ ውስጥ። ሌስተር እዚያ የሚጫወተው ማንዶሊን ነበር፤ ወደ ቢል ሲመጣ ግን የማንዶሊኑ ቦታ ባለቤት ስለነበረው ጊታር ያዘ።

ድምፁ የተረጋጋና ለስላሳ ነው፤ ከቢል ስለት ድምፅ ጋር ሲገጥም አንዱ ሌላውን ይሞላል። በጊታሩ በየስንኙ መጨረሻ የሚያስገባት አጭር የማሳረጊያ ሐረግ እስከ ዛሬ የብሉግራስ ጊታር የሚማር ሁሉ መጀመሪያ የሚለማመዳት ናት።

ሌስተር ኧርልን ሳይሰማው በፊት ባንጆ አይወድም ነበር። የቀድሞው ባንጆ ተጫዋች ባንዱን ሲለቅ ፍጥነታችንን የሚጎትትብን ሄደ ብሎ ተደስቶ ነበር። አዲስ ባንጆ ተጫዋች ሊፈተን ነው ሲባልም ባንጆውን ከነሣጥኑ ቢተወው ይሻላል አለ። ኧርል ተጫወተ። ሌስተር ዞሮ ቢልን የፈለገው ዋጋ ይከፈልና ይቀጠር አለው።

ቀሪዎቹ

ቫዮሊኒስቱ ቸቢ ዋይዝ የፍሎሪዳ ልጅ ነው። በጃክሰንቪል ከተማ ታክሲ እየነዳ ማታ ማታ በየመሸታው ይጫወት ነበር። የከተማ ጆሮ ስለነበረው የቫዮሊኑ ድምፅ ላይ የስዊንግ ጃዝ ልስላሴ አለበት። ቤዝ ተጫዋቹ ሃዋርድ ዋትስም የፍሎሪዳ ሰው ነው፤ በመድረክ ላይ «ሴድሪክ ሬይንዋተር» በሚል ስም ቀልደኛም ነበር። በዚያ ዘመን ባንድ ማለት ሙሉ ዝግጅት ነውና አንዱ ሰው ምትም ይጠብቃል፣ ሕዝብም ያስቃል።

«ቦይስ» የሚለው የባንዱ ስም «ወንዶቹ» ማለት ቢሆንም፣ ከእነ ኧርል ጋር እስከ 1946 ድረስ የሠራች አንዲት ሴትም ነበረች። ሳሊ አን ፎሬስተር ትባላለች፤ አኮርዲዮን ትጫወትና ትዘፍን ነበር፤ በመግቢያው በር ላይ ቲኬት መቁረጥም የእሷ ሥራ ነበር። የቢል እናት የምትጫወተውም አኮርዲዮን እንደነበር ልብ ይሏል።

አምስቱ አንድ ላይ

ቢል፣ ሌስተር፣ ኧርል፣ ቸቢና ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1946 ቺካጎ ውስጥ ለኮሎምቢያ ኩባንያ መቅረጽ ጀመሩ። በዚያና በተከታዩ ዓመት 28 ዘፈኖች ቀረጹ። «ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ» የተባለው ዝነኛ ዘፈን ከእነዚህ አንዱ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚባል ያልታወቀ ወጣት ይህንኑ ዘፈን አፍጥኖ በመጀመሪያ ሸክላው ጀርባ ላይ አስቀረጸው።

ኑሯቸው ግን የሸክላውን ያህል የደመቀ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ረጅም መኪና ታጭቀው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፤ እንቅልፋቸው ወንበር ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ የኦፕሪ ስርጭት ስላለ ከየትም ቢሆኑ ናሽቪል መድረስ አለባቸው። በየከተማው ድንኳን ይተክላሉ፤ ቀን ከከተማው ልጆች ጋር ቤዝቦል ይጋጠማሉ፤ ማታ ይዘፍናሉ።

በዚህ መሃል ድካምና የገንዘብ ነገር ተደራረበ። ኧርል እናቱን ሊጦር ወደ ቤት መመለስ አሰበ። በ1948 መጀመሪያ ኧርልም ሌስተርም ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አብረው የራሳቸውን ባንድ «ፎጊ ማውንቴን ቦይስ»ን አቋቋሙ፤ ሃዋርድም ተከተላቸው። ቢል ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። ከ20 ዓመት በላይ አላናገራቸውም። አንድ መድረክ ጀርባ ተገናኝተው እንኳ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚያልፉ ሰዎች ሆኑ።

ሌስተርና ኧርልም በተራቸው በ1969 ተለያዩ። የመለያያቸው ምክንያት ለእኛ ለወላጆች ደስ የሚልም የሚያሳዝንም ነው፤ ኧርል ካደጉት ልጆቹ ጋር አዲስ ዓይነት ሙዚቃ መጫወት ፈለገ፤ ሌስተር ደግሞ የለመደውን ድምፅ መልቀቅ አልፈለገም። ኧርል ከወንዶች ልጆቹ ጋር የራሱን ባንድ መሠረተ። ቢልና ሌስተር የታረቁት በ1971 ነው፤ ቢል በየዓመቱ በኢንዲያና ቢን ብሎሰም በሚያዘጋጀው ፌስቲቫል ላይ በሕዝብ ፊት ተጨባበጡና አብረው ዘፈኑ። ሌስተር በ1979፣ ቢል በ1996፣ ኧርል በ2012 አረፉ።

ለቤታችን ምን እንውሰድ?

ከዚህ ታሪክ ለቤተሰብ የሚሆኑ አራት ነገሮች ይታዩናል።

አንደኛ፣ በእነዚህ ልጆች ቤት ሙዚቃ ከልብስ ማጠቡና ከእራቱ መሃል የሚሰማ ነገር ነበር። የቢል እናት እያንጎራጎረች፣ የኧርል እናት ኦርጋኗን እየነካች ልጆቹ ይሰሙ ነበር። እኛ ልጁን ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ትምህርት አድርሰን፣ መኪና ውስጥ ስልካችንን እየነካካን ጠብቀን እንመልሰዋለን። ክፍያው መልካም ነው፤ ግን ልጁ እናቱ ወይም አባቱ ሲዘፍኑ ሰምቶ ያውቃል? ድምፃችን ባያምርም ግድ የለም። አጎት ፔንም የዓለም ሙዚቀኛ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ልጅ ያልመረጠው ነገር መክሊቱ ሊሆን ይችላል። ቢል ቫዮሊኑን ወይም ጊታሩን ቢያገኝ ኖሮ ከብዙ ጥሩ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። በቤታችሁ ጥግ አቧራ የለበሰ ክራር፣ ዋሽንት ወይም የአያት መሰንቆ ካለ ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ቢሰበር ይጠገናል። ይህን ስንል ግን ታናሽ ሁልጊዜ የተረፈው ይድረሰው ማለታችን አይደለም። አራት ክር የተወለቀበት ልጅ ቂሙንም ይዞ ያድጋል፤ ቢል ከቻርሊ ጋር ያልተስማማው በአንድ ጀምበር በተፈጠረ ነገር ይሆን?

ሦስተኛ፣ ያስተማረን ሰው ስሙ ይጠራ። ቢል የአጎቱንና የአርኖልድ ሹልትዝን ስም ባይጠራ ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ልጆቻችን ፊደል ያስቆጠሯቸውን፣ መዝሙር ያስጠኗቸውን፣ ኳስ ያስተማሯቸውን ሰዎች በስም ያውቃሉ? ይህ ያለ አንዳች ወጪ የሚሰጥ የምስጋና ትምህርት ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ሦስት ሰዎች ዓለምን ያስደመመ ነገር አብረው ሠሩና በገንዘብ፣ በድካምና በኩራት ምክንያት ከ20 ዓመት በላይ ተኮራረፉ። በየቤተሰባችን እንዲህ ያለ ኩርፊያ አለ፤ በውርስ ቤት፣ በሠርግ ጥሪ፣ በተበደሩት ገንዘብ የተነሳ ወንድምና እህት በለቅሶ ቤት ብቻ የሚተያዩበት። ቢልና ሌስተር በ1971 ሲጨባበጡ ለሌስተር የቀሩት ስምንት ዓመታት ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ አላወቁትም። የኛንም አናውቀውም።

በዚህ ወር ልጆቹን ሰብሰብ አድርጋችሁ የእነዚህን ሰዎች አንድ ዘፈን አሰሟቸው። ባንጆው የቱ ነው፣ ማንዶሊኑስ የቱ ነው እያላችሁ አለያዩአቸው። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ፣ ለረጅም ጊዜ ያልደወላችሁለት ዘመድ ካለ፣ ልጆቹ እየሰሙ ደውሉለት።

መልካም ወር ይሁንላችሁ!